ግራንድማ ሞዚስ «ያልተማሩ» ሰዓሊ ናቸው? ክሩ ከነመልሶቹ

ይህን ክር፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈትኩት አንድ ቃል ስለከነከነኝ ነው። ስለ አሜሪካዊቷ የመልክዓ ምድር ሰዓሊ ስለ ግራንድማ ሞዚስ (አያት ሞዚስ ማለት ነው) ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀድመው «ሥዕል ያልተማሩ የገበሬ ሚስት» የሚለው ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ ይገረማል። ለእኔ ግን ግርምቱ አልዋጥልኝ አለ። ስለዚህ ጥያቄዬን በቀጥታ አቀረብኩ። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ያልተማረ ነው ወይ? ራስን ማስተማርስ መማር አይደለም ወይ?

ለማያውቋቸው ሰዎች ታሪካቸውን ባጭሩ አስቀመጥኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አና ሜሪ ሮበርትሰን በ1860 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ግሪንዊች በሚባል ቦታ ተወለዱ። ኒውዮርክ ስል ከተማውን እንዳታስቡ። ይሄ ከቬርሞንት ድንበር አጠገብ ያለ፣ ኮረብታና ማሳ የሞላበት የእርሻ አገር ነው። አባታቸው ለልጆቹ ነጭ ወረቀት እየገዛ ይሰጥ ነበር። ትንሿ ልጅ የወይንና የእንጆሪ ጭማቂ ቀለም አድርጋ ትቀባበታለች። በ12 ዓመታቸው ሰው ቤት ተቀጠሩ። 15 ዓመት ያህል የሰው ቤት ሲያበስሉና ሲያጥቡ ቆዩ። በ1887 ቶማስ ሞዚስ የሚባል የእርሻ ሠራተኛ አገቡና ቨርጂኒያ ሄዱ። ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ መሬት ተከራይተው አረሱ፣ ቅቤ እየናጡ ሸጡ። 10 ልጆች ወለዱ። 5ቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። በ1905 ወደ ኒውዮርክ ግዛት ተመልሰው ኢግል ብሪጅ ላይ እርሻ ያዙ። ባላቸው በ1927 ሞተ። ከዚያ በኋላ በሱፍ ክር የመልክዓ ምድር ጥልፍ ይጠልፉ ጀመር። እጃቸውን ቁርጥማት ሲይዘውና መርፌ መያዝ ሲያቅታቸው፣ እህታቸው ሴለስቲያ ቀለም ይቀልልሻል አሏቸው። ያኔ ከ75 ዓመት በላይ ነበሩ። እስከ 101 ዓመታቸው ከ1,500 በላይ ሥዕል ሠሩ።

ክሩ ረዘመ። ሁሉንም እንዳለ ከመገልበጥ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር እነግራችኋለሁ።

መልስ 1 በደቂቃዎች ውስጥ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። አመሰገነኝና ስማቸውን የሚያውቀው ከገና ካርድ ጀርባ እንደሆነ ነገረን። ካርዱን እንጂ ሰዓሊዋን አስቦ አያውቅም።

መልስ 2 አረመችኝ። እኔ ቀለም የነኩት ከ75 ዓመታቸው በኋላ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። እሷ በ1918 የሆነውን አስታወሰች። ሳሎናቸው ላይ የግድግዳ ወረቀት ሲለጥፉ ወረቀቱ አለቀባቸው። የምድጃው መሸፈኛ ሰሌዳ ባዶ ቀረ። እሳቸው ነጭ ወረቀት ለጠፉበትና መልክዓ ምድር ሳሉበት። ያኔ ገና 60 ዓመት አልሞላቸውም። ትክክል ነች፣ ወዲያው ተቀበልኩ። ደግሞ እርማቷ የኔን ነገር ያጠናክራል። በአንድ ሌሊት የበቀለ ነገር የለም። በወይን ጭማቂ ተጀመረ፣ በሰሌዳው ቀጠለ፣ ጥልፉ መጣ፣ ከዚያ ነው ቀለሙ።

መልስ 3 ተቆጣ። መጀመሪያ ስጽፍ «እሷ ተወለደች፣ እሷ ሳለች» እያልኩ ነበር። 101 ዓመት የኖሩ እናት እንዴት እንዲህ ይባላሉ ብሎ ወረደብኝ። ፈረንጅ ስለሆኑ አንቱታ አይገባቸውም ያለው ማነው? አያት የትም አያት ናቸው ባይ ነው። ምንም አልተከራከርኩም። ሄጄ ከላይ እስከ ታች አስተካከልኩት።

መልስ 4 ከዚሁ ተነሳ። ሞዚስ ማለት ሙሴ ነው፣ ስለዚህ እማማ ሙሴ እንበላቸው አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። መልስ 5 ላይ ግን የመልስ 2 ጸሐፊ ተመለሰች። ሥዕሎቻቸው ላይ የሚፈርሙት ሞዚስ ብቻ ብለው እንደነበር ጻፈች። «ግራንድማ» የሚለውን ስም በ1940 ጋዜጣ ነው ያገነነው። ስሙ ፍቅር አለው፣ ግን ከሥራው በፊት ዕድሜውን ያሳያል አለች። ይሄ ነገር ልቤን ነካው። እኔ ራሴ «ያልተማሩ» በሚለው ተናድጄ «ግራንድማ» የሚለውን ሳላስብ አልፌዋለሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በዚያ ስም ስለሆነ ርዕሱን እንዳለ ተውኩት።

መልስ 6 ረጅም ነው። የመድኃኒት ቤቱን ታሪክ የተረከልን እሱ ነው። ሥዕሎቹ መጀመሪያ ከማርማላታና ከታሸገ ፍራፍሬ ጋር ለገበሬዎች ትርዒት ይቀርቡ ነበር። ማርማላታው ሽልማት ወሰደ። ሥዕሉን ዞር ብሎ ያየው የለም። ከዚያ ሁሲክ ፎልስ የሚባል ትንሽ ከተማ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት መስኮቱ ላይ ደረደራቸው። በ1938 ሉዊስ ካልዶር የሚባል ኢንጂነር፣ ሥዕል መሰብሰብ የሚወድ ሰው፣ ከኒውዮርክ ከተማ መጥቶ በዚያ ሲያልፍ አያቸው። ዋጋቸው እንደ ስፋታቸው ከ3 እስከ 5 ዶላር ነበር። ያለውን ሁሉ ገዛ። በዚያ አላበቃም። አድራሻ ጠይቆ ቤታቸው ድረስ ሄደ። እሳቸው አልነበሩም። ምራታቸው 10 ሥዕል አላቸው፣ ነገ ተመለስ ብላ ላከችው። ማታ ሲቆጠር ግን ያለው 9 ብቻ ሆነ። እሳቸው ምን አደረጉ? አንዱን ትልቅ ሥዕል ለሁለት ቆረጡና ፍሬም ገጠሙለት። 10 ሞላ። ሰውየው በማግስቱ መጥቶ 10ሩንም ወሰደ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። አንድ የጥበብ ሰው ሥራውን ሲቆርጥ አስቡት። ለእሳቸው ግን የተባለ ቁጥር የተባለ ቁጥር ነው። ደንበኛው ባዶ እጁን መመለስ የለበትም። ቅቤ ሲሸጡም እንዲሁ ነበር የሚያስቡት ብዬ እገምታለሁ።

መልስ 7 ከዚህ ታሪክ ሌላ ነገር አወጣ። ይሄ ሁሉ ዕድል ነው አለ። ካልዶር በሌላ መንገድ ቢያልፍ ኖሮ ማንም አያውቃቸውም ነበር። ስንት እናት የሠራችው ጣሪያ ሥር ተጥሎ ብል በልቶታል ብሎ ጠየቀ። አነጋገሩ ደረቅ ቢሆንም ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

መልስ 8 መለሰለት። ዕድሉ በአንድ ቀን አልጨረሰም አለ። ካልዶር ሥዕሎቹን ተሸክሞ ጋለሪ ለጋለሪ ዞረ። አንዳንዶቹ ሥራውን ወደዱት። ዕድሜያቸውን ሲሰሙ ግን ፊታቸውን አዞሩ። 78 ዓመት የሆናቸውን ሴት ለማስተዋወቅ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም ብለው ነው። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ሠሩ። በ1939 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም 3 ሥዕሎቻቸውን ሰቀለ። ግን ለአባላት ብቻ በሚከፈት ክፍል ነበር። በሩን በትክክል የከፈተው ኦቶ ካሊር ነው። ካሊር ናዚ ኦስትሪያን ሲይዝ ከቪየና የተሰደደ የጋለሪ ባለቤት ነበር። ቪየና እያለ የኦስትሪያዊውን ሰዓሊ የኤጎን ሺለን ሥራዎች ያሳይ የነበረ ሰው ነው፣ ዓይኑ የሠለጠነ ነው። በ1940 ጥቅምት ላይ ጋለሪ ሴንት ኤቲየን በሚባለው ቤቱ የብቻቸውን ትርዒት አዘጋጀላቸው። 80 ዓመታቸው ነበር። ለመክፈቻው አልሄዱም። በቀጣዩ ወር ጊምብልስ የሚባለው ትልቅ መደብር ሲጋብዛቸው ግን ሄዱ። የጋገሩትን ዳቦና የሠሩትን ማርማላታ ይዘው ነው የሄዱት። በ1949 ፕሬዚዳንት ትሩማን ሽልማት ሰጣቸው፣ ሻይ ጋብዞም ፒያኖ ተጫወተላቸው። የመልስ 8 ሐሳብ ይሄ ነው። ዕድል በር ያንኳኳል። በሩ ሲከፈት ግን ውስጥ የተሠራ ሥራ መኖር አለበት።

መልስ 9 ስለ አክስቷ ጻፈች። አክስቷ ዕድሜዋን ሙሉ ጥልፍ ስትጠልፍ ኖራ አሁን ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። መርፌውን ካስቀመጠች ዓመት አልፏታል። ክሮቿን ግን አትጥልም። በየቀለማቸው ጠቅልላ በጣሳ አስቀምጣቸዋለች፣ አልፎ አልፎ እያወጣች ታያቸዋለች። ይህን ሳነብ ዝም አልኩ። ምን ብዬ እንደምመልስ አላወቅኩም።

መልስ 10 ለቁርጥማት የሚሆን መድኃኒት መዘርዘር ጀመረ። መልስ 11 ይሄ የሥዕል ክር ነው፣ ሐኪም ያማክሩ ብሎ አቆመው። ጥሩ አደረገ።

መልስ 12 ለእኔ የክሩ እምብርት ነው። የጻፈው ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ ሰው ነው። እሳቸው እንዴት ይሠሩ እንደነበር ደረጃ በደረጃ አስረዳ። ሸራ ወጥሮ በማቆሚያ ላይ መሳል የለም። ጠንካራ የተጨመቀ እንጨት፣ ሜሶናይት የሚባለውን፣ የተልባ ዘይት ይቀቡታል። ከዚያ ሦስት ጊዜ የማያብረቀርቅ ነጭ ቀለም ይደርቡበታል። ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። የሚጀምሩት ከሰማይ ነው። ሰማይ፣ ተራራ፣ ኮረብታ፣ ዛፍ፣ ቤት፣ ከብት፣ መጨረሻ ሰው። ከላይ ወደ ታች።

ይሄ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ሩቁን አስቀድሞ መሥራት ቅርቡን በላዩ ላይ ለመደረብ ያስችላል። ሩቅ ያሉ ተራሮቻቸው ሰማያዊና ፈዛዛ ናቸው። መካከለኛው ኮረብታ አረንጓዴ መሆን ይጀምራል። እግር ሥር ያለው ሣር ደማቅ ነው። በአየር ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ሩቁን እንደሚያፈዝና ሰማያዊ እንደሚያስመስል እሱ በትምህርት ቤት የተማረው በመጀመሪያው ዓመት ነው። እሳቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ኮረብታውን እያዩ ነው የተማሩት። ሁለቱም ተምረዋል አለ። የኔን ጥያቄ ከኔ በተሻለ መለሰው።

ሌላም ጨመረ። የሱፍ ክር አይበጠበጥም። ቀለም እንደልብህ ታዋህደዋለህ፣ ክርን ግን ጎን ለጎን ነው የምታስቀምጠው። ቢጫውን ከአረንጓዴው አጠገብ፣ ነጩን ከሰማያዊው አጠገብ። ዓይን ራሱ ያዋህደዋል። አሁን የእማማን የፀደይ ዛፍ ጠጋ ብላችሁ እዩ ይላል። ቅጠሉ በአንድ አረንጓዴ የተለቀለቀ አይደለም። ነጠብጣብ ነው፣ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቢጫ፣ ልክ እንደ ጥልፍ ስፌት። ብሩሹን የያዘችው እጅ መርፌ ስትይዝ የኖረች እጅ ናት። በረዶው ላይ ብልጭልጭ ዱቄት መነስነሳቸውም ከዚሁ ነው። ሥዕል አዋቂዎች ይሄ ርካሽ ነው ብለው ሊያስተዉአቸው ሞከሩ። እሳቸው አልተዉም። ፀሐይ ያረፈበት በረዶ ያብለጨልጫል፣ አይተውታል፣ አለቀ።

መልስ 13 ቀዝቃዛ ውኃ ደፋብን። ይሄ ሁሉ ሙገሳ ለገና ካርድ ነው ወይ ብሎ ጀመረ። ጥላ የለም። ሰዎቹ ከእንጨት የተጠረቡ ይመስላሉ። ዓመቱ 1940ዎቹ ነው፣ ሥዕሉ ውስጥ ግን ትራክተር የለም፣ የስልክ እንጨት የለም፣ አንድ የሚያዝን ሰው የለም። ዓለም በጦርነት ሲቃጠል እሳቸው በፈረስ በሚጎተት የበረዶ መንሸራተቻ ገና ያከብራሉ። ይሄ ናፍቆት መቸርቸር ነው አለ። ሕዝብ የወደደው ስለሚያጽናና እንጂ ስለሚያሳይ አይደለም። አጻጻፉ ስለታም ነበር፣ «ገራገር» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ተጠቅሟል።

መልስ 14 ደሟ ፈልቶ መጣች። 5 ልጅ የቀበረች እናት ሐዘን አታውቅም ትለኛለህ ወይ አለችው። በነገራችን ላይ እዚህ ጋ እሷም አንቱታውን ረስታዋለች፣ መልስ 3 ግን ዝም አላት። ከዚያ ወደ ሥራዎቹ ገባች። ተመልከት ብላ ዘረዘረችለት። በ1943 የሳሉት የትሮይ ቃጠሎ አለ። ትሮይ ስትል የግሪክ አፈ ታሪኩ አይደለም፣ የኒውዮርክ ግዛቷ ከተማ ናት። በ1862 ብዙ ሕንፃዎቿ በእሳት የወደሙበትን ቀን ነው የሳሉት። በ1948 የሳሉት ነጎድጓድ አለ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ፈረሱ ደንብሯል፣ ልጆች ይሮጣሉ። ይሄ የገና ካርድ ነው ወይ?

ደግሞ አንድ ነገር አለች፣ ልቤ ላይ የቀረ። ሥዕሎቹ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ፈልግ አለችው። ሁሉም ይሠራል። የሜፕል ዛፍ ፈሳሽ ያፈላሉ፣ የፖም ማርማላታ ያማስላሉ፣ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ፣ የቱርክ ዶሮ ያባርራሉ። ይህን ሁሉ እሳቸው በእጃቸው ሠርተውታል። መልክዓ ምድሩ ለመንገደኛ የሚታይ ውበት አይደለም፣ የሥራ ቦታ ነው። ከመስኮት አይቶ የሚያልፍ ሰው እንዲህ አይስልም። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ ሥዕሎቹን የማይበት ዓይን ተቀየረ።

መልስ 15 ክርክሩን ወደ ሌላ ጎን ወሰደው። ቅጂ ናቸው አለ። መጀመሪያ አካባቢ የከሪየርና አይቭስ የሚባሉ የታተሙ ሥዕሎችን እያዩ ይገለብጡ ነበር። ከጋዜጣና ከካርድ የተቆራረጡ ምስሎችም ሰብስበው ያስቀምጡ ነበር። ሰው፣ ፈረስ፣ ቤት፣ በእርሳስ ገልብጠው ነው የሚያስገቡት። ታዲያ የትኛው ነው የራሳቸው?

መልስ 16 የመልስ 12 ሰዓሊ ነው። እውነቱን አልሸሸም። አዎ፣ ቁርጥራጭ ይሰበስቡ ነበር አለ። ግን ቁርጥራጩ አንድ ልጅ ነው፣ አንድ ፈረስ ነው። ሸለቆው በየትኛውም ቁርጥራጭ ላይ የለም። ልጁ የት ይቁም፣ ፈረሱ ኮረብታውን ሲወጣ ምን ያህል ይነስ፣ መንገዱ በየት ይጠምዘዝ የሚለው የሳቸው ነው። እኛስ ትምህርት ቤት የታላላቆቹን ሥራ ስንገለብጥ አይደለም ወይ የከረምነው አለ። ለኛ ሲሆን ልምምድ፣ ለሳቸው ሲሆን ስርቆት? መልስ 15 አልተመለሰም።

መልስ 17 አዲስ ሰው ነው። መልስ 7 ያነሳውን ዕድል የሚለውን ነገር ይዞ መጣ። በር ያልተከፈተለትን ሰው ታሪክ ልንገራችሁ ብሎ ስለ አልፍሬድ ዋሊስ ጻፈ። ዋሊስ በ1855 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በባሕር ላይ ሠርቷል፣ የመርከብ ዕቃና ቁርጥራጭ ብረት ነግዷል። ሚስቱ በ1922 ሞተች። ብቸኝነቱ ሲበዛበት ወደ 70 ዓመቱ ገደማ መሳል ጀመረ። የሚስለው ወደቡን፣ ባሕሩን፣ ድሮ የሚያውቃቸውን መርከቦች ነው። ሸራ አልገዛም። ካርቶን ነው የሚጠቀመው፣ ቀጥ ብሎ ያልተቆረጠ ካርቶን። ቀለሙም የመርከብ ቀለም ነው። ዋናውን ነገር ትልቅ ያደርገዋል፣ የማይፈልገውን ትንሽ። በ1928 ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ዉድ የሚባሉ ሁለት ወጣት ሰዓሊዎች ሴንት አይቭስ በሚባል የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ውስጥ በቤቱ ሲያልፉ በክፍት በር አዩት። ግድግዳው ሁሉ በሥዕል ተሞልቷል። ሁለቱም ከሱ ተማሩ። ሥራው ዘመናዊ የእንግሊዝ ሥዕል ላይ አሻራ ጣለ። እሱ ግን በ1942 በድሆች መጠለያ ውስጥ ሞተ። መቃብሩን በሸክላ ሰሌዳ የሠራለት ታዋቂው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች ነው።

መልስ 17 ፍርድ አልሰጠም። ታሪኩን ነግሮን ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳስብ አመሸሁ። በአምስት ዓመት ልዩነት የተወለዱ ናቸው። ሁለቱም በዋናነት የትዳር ጓደኛቸው ከሞተ በኋላ፣ ከትዝታ፣ ባገኙት ነገር ላይ ነው የሳሉት። እሳቸውን ከአንድ መስኮት አንስተው ፕሬዚዳንት ዘንድ የሚያደርሱ ሰዎች ነበሩ። ዋሊስንም አዋቂ ሰዎች አይተውታል፣ አድንቀውታል፣ ተምረውበታል። ኑሮው ግን አልተለወጠም። ያ የሥራው ጉድለት አይደለም። ከንክኖኛል፣ እስካሁንም መልስ የለኝም።

መልስ 18 አንሪ ሩሶን አነሳ። ከፈረንሳይ ሳይወጣ ጫካ የሳለውን የፓሪስ ቀረጥ ሰብሳቢ ማለቱ ነው። ዕፅዋቱን ያየው እዚያው ፓሪስ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ነው። መልስ 19 ያ መልክዓ ምድር አይደለም፣ ሕልም ነው ብሎ ተከራከረው። ጥቂት ተጨቃጨቁና ተዉት። ስለ ሩሶ ለብቻው ክር ይከፈት።

መልስ 20 የመልስ 13 ሰው ነው። ይሳደባል ብዬ ፈርቼ ነበር። የተባለውን ሄዶ አይቷል። በ1943 የተሳለውን የሜፕል ስኳር አፈላል ሥዕል፣ በ2006 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠውን፣ አስፍቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ልጆቹ ትኩሱን ስኳር በረዶ ላይ ሲያፈሱ፣ ጭሱ፣ ከኋላ ያለው ነጭ ኮረብታ። በረዶው በረዶ ነው ብሎ አመነ። ዋጋው ግን ምንም አያሳምነኝም አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ያልተማረ» ስድብ ከሆነ፣ «ራሱን ያስተማረ» ደግሞ ኒሻን መሆን የለበትም አለ። ሁለቱንም አውልቀህ ሥዕሉን ብቻ እይ። ዝም ብዬ ካደነቅኳቸው ያረጁ ሴት ስለሆኑ ነው የማደንቃቸው፣ ያ ደግሞ ንቀት ነው አለ።

ሁለት ቀን ሙሉ መልስ አልጻፍኩም። ልክ የሆነ ነገር አለበት። መልስ 21 የኔ ነው። ግማሹን ተቀበልኩ። ኒሻን አይሁን። ግን አልደብቀውም፣ ምክንያቱም አማማራቸው ሥዕሉ ላይ ይታያል። የመልስ 12ን ዛፍ ካየሁ በኋላ ጥልፉን ሳላይ ማለፍ አልችልም። ከሰማይ መጀመራቸውን ካወቅኩ በኋላ ሩቁ ኮረብታ ለምን እንዲህ እንደፈዘዘ ይገባኛል። ስለዚህ ራሳቸውን አስተማሩ ስል ማሞገሴ አይደለም፣ የት እንደተማሩ መናገሬ ነው። ማሳው ላይ፣ ወጥ ቤት፣ ከመርፌና ክር ጋር። እሱ በዚህ ይስማማ አይስማማ አላውቅም። አልመለሰልኝም።

ክሩ ቀዝቅዞ ነበር። መልስ 22 ላይ የአክስቷን ነገር ያነሳችው፣ የመልስ 9 ጸሐፊ ተመለሰች። ክሩን ለአክስቷ ጮክ ብላ አንብባላታለች። አክስቷ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እማማ ሥዕሉን ሳይጀምሩ ፍሬሙን ያዘጋጁ ነበር የሚባለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ቤት ውስጥ መስታወቱ የተሰበረ አሮጌ የእንጨት ፍሬም አለ፣ ሊጣል ነበር፣ አሁን አይጣል ብላለች።

መልስ 23 የሰዓሊው ነው። እውነት ነው አላት። ፍሬሙን ያገኛሉ፣ ከዚያ ሰሌዳውን በሱ ልክ ይቆርጣሉ። እንዲህ አድርጉ ብሎ ጻፈላት። ፍሬሙን በጀርባው ገልብጣችሁ መስታወቱ የሚቀመጥበትን ጎድጎድ ለኩ። ሰሌዳውን ከዚያ በየጎኑ ትንሽ አሳንሳችሁ አስቆርጡ፣ ቀለም ሲቀባ ይወፍራልና። ጠረጴዛው ዝቅ ያለ ይሁን፣ ክንዷ እንዳይንጠለጠል። የብሩሹ እጀታ ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ጠቅልሉበት፣ ለማይታጠፍ ጣት ወፍራም ነገር ይሻላል። የክሮቹንም ጣሳ አጠገቧ አድርጉላት፣ ቀለሙን ከነሱ ጋር እያስተያየች ትምረጥ።